የፀሐይ ወንፈል

አክስቴ የትምወርቅ «ቆጣሪው ወደ ኋላ እንዲሄድ አድርጊልኝ» ሲሉኝ ሌላ ነገር መሰለኝ።

ኅዳር ነበር። ራቤል ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ዳገቱን በእግር ጨርሼ፣ ጫማዬን በራፉ ላይ እያራገፍኩ ነበር። ቆጣሪው ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ ዝናብ እንዳይመታው በቆርቆሮ ቁራጭ ተከልሏል። አክስቴ እንኳን ደህና መጣሽ ብለው ሳይጨርሱ ነው በጣታቸው ወደ እሱ ያመለከቱኝ።

በከተማ ቆጣሪ የሚነካኩ ሰዎች እንዳሉ እሰማለሁ። ፊቴ እየጋለ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንዲህ ያለው ነገር ስርቆት መሆኑን፣ ከተደረሰበትም መስመሩ እንደሚቆረጥ ነገርኳቸው። አክስቴ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ገቡ።

«ሌባ አደረግሽኝ» አሉ ከውስጥ ሆነው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ገብቼ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰፌድ ላይ ለበልግ የሚዘሩትን ምስር ይለቅሙ ጀመር፤ ጠጠሩን ወደ አንድ ጎን፣ ነቀዝ የበላውን ወደ ሌላ ጎን። ቀስ በቀስ ስንነጋገር ሊሉኝ የፈለጉት ተቃራኒውን መሆኑ ገባኝ። ከመስመሩ ሊወስዱ አልነበረም፤ ለመስመሩ ሊሰጡ ነበር።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሼ ገብረየሱስ የሞቱት እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ልጅ አልወለዱም። ለአክስቴ የቀራቸው ጥቂት በግና ከቤቱ ቁልቁል የተዘረጋው ማሳ ነው።

በእኛ ሰፈር እርሻ በወንፈል ነው። ዛሬ ያንተን አርሳለሁ፣ ነገ የእኔን ታርሳለህ። ማንም አይጽፈውም፣ ማንም አይረሳውም። ደግሞ አንድ ደንብ አለው። ሰው ሳትጠራው በማለዳ ጥማዱን ይዞ መጥቶ ማሳህን ካረሰልህ፣ ቃል ሳትሰጥ ታስረሃል። አልጠራሁትም ማለት አይቻልም። ይሉኝታ ያለው ሰው ተራው ሲደርስ ይሄዳል።

ወንፈል ግን የሚመለስ ጉልበት ይጠይቃል። ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ባሏ የሞተባትና ወንድ ልጅ የሌላት ሴት ወይ ለነፍስ ተብሎ እንደ ምጽዋት ይታረስላታል፣ ወይ መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ለእኩል ስትሰጥ ያረሰው ሰው የምርቱን ግማሽ ይወስዳል። መሬቱ በስሟ ይቀራል፤ ምን እንደሚዘራበት፣ መቼ እንደሚታጨድ የሚቆርጠው ግን አራሹ ነው። አክስቴ የሚፈሩት ይህን ነበር። ግማሹ እህል ለአንድ ሰው ሆድ ይበቃል። እሳቸው የፈሩት በገዛ ማሳቸው ዳር እንደ መንገደኛ ቆሞ መጠየቅን ነው።

ከዚህ ያወጣቸው ሶላሩ ነው። ስልክ ወደ አገራችን የገባው ከመብራት ቀድሞ ነበር። ሰው ስልክ ገዝቶ፣ ቻርጅ ለማድረግ ጄኔሬተር ወዳለበት ወደ ራቤል ይወርዳል። ሙነወር የሚባል የአጣዬ ልጅ በገበያ ቀን ሶላር እያመጣ ይሸጥ ነበር። አክስቴ ካሏቸው በጎች የሚበዙትን ሸጠው ሁለት ሶላር ከነባትሪው ገዙ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ የጓሳውን ሣር አውርደው ቆርቆሮ የመቱት ጋሼ ገብረየሱስ ናቸው። ሙነወር ራሱ ጣራው ላይ ወጥቶ ሰቀለላቸው።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ከሰው አልተለየም። ስልኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበሩ እንዳይደባለቁ አክስቴ በየስልኩ የሱፍ ክር ያስሩ ነበር። ቀዩ የጎረቤታቸው የጋሼ ተገኘ፣ ጥቁሩ የሌላዋ ጎረቤታቸው የኮከቤ፣ ነጩ የቄሱ። ስልኩን ያመጣ ሰው እስኪሞላለት ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ያወራል። ገንዘብ አልተቀበሉም። የጋሼ ተገኘ ስልክ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ሲሞላ ከረመ። የበልግ እርሻ ሲደርስ ጋሼ ተገኘ ማንም ሳይጠራቸው ማለዳ ጥማዳቸውን ይዘው መጡ። እሳቸውን አይተው ሌሎቹም ተራ ገቡ።

እንዲህ ሆነው አክስቴ ወንፈል ገቡ። በሰፈሩ ያለ ሞፈር ወንፈል የገቡ ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጋሼ ተገኘ ጠላ ሲይዙ፣ «እኛ በበሬ እናርሳለን፤ የትምወርቅ በፀሐይ ታርሳለች» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አክስቴ ይህን ቀልድ ለሰው መልሰው ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ። ሲናገሩት አይስቁም፤ ቀና ብለው ነው የሚናገሩት።

አምና የመብራት ምሰሶ መጣ። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ሰው በአንድ ለአምስት ቡድኑ ጉድጓድ ቆፈረ፤ አክስቴም ለቆፋሪዎቹ ጠላ አወጡ። አምፖሉ ሲበራ እልል ካሉት መካከል እሳቸውም ነበሩ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሰው ሁሉ ስልኩን በየቤቱ ሰካ፣ በቃ። ክሮቹ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

ባለፈው ፋሲካ ስመጣ እነዚያን ክሮች አይቼ፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው ስለ ሰው አገር ያወራሁላቸው። እኔ ኤሌክትሪክ ተምሬ ደብረ ብርሃን በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል እሠራለሁ። በአንዳንድ አገር ጣራው ላይ ሶላር ያለው ሰው ከመስመሩ ጋር ይያያዛል አልኳቸው። በቀን ፀሐዩ ከቤቱ ሲተርፍ፣ ትርፉ በሽቦው ወጥቶ ጎረቤት ቤት ይገባል፤ ቆጣሪውም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሲመሽ ፀሐይ ስለሌለ ያው ሰው ከመስመሩ ይወስዳል፤ ቆጣሪው ወደ ፊት ይሄዳል። በወር መጨረሻ የሰጠውና የወሰደው ይቻቻልና የሚታሰበው ልዩነቱ ብቻ ነው። ባትሪ እንኳ አያስፈልገውም፤ በቀን የሰጠውን ማታ መስመሩ ይመልስለታል።

አክስቴ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ይኼማ ወንፈል ነው» አሉ።

በሳምንታት ትምህርት የገባኝ ነገር በአንድ ቃል ሲያዝ አይቼ ደስ አለኝ፤ አዎ አልኩ። እኛ አገር ግን ገና እንዳልተጀመረ፣ ውል እንደሚፈልግ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ለይቶ የሚቆጥር ሌላ ቆጣሪ እንደሚያስፈልገው ጨምሬ ነገርኳቸው። ይህንም ሰምተዋል። ግን ከወንፈሉ ጋር የሚሄድ ነገር አልመሰላቸውም። ወንፈል ውል የለውም።

አሁን ምስሩን እየለቀሙ የሚያስቡት መጪውን በልግ ነበር። ባለፈው በልግ፣ መብራቱ ከገባ በኋላ ማለት ነው፣ ጋሼ ተገኘ አርሰውላቸዋል። የመጡት ግን የራሳቸውን ጨርሰው፣ የሌላውንም አድርሰው በመጨረሻ ነው። ሌላ የመጣ የለም። አክስቴ አላማረሩም።

«ዘንድሮ በምን እጠብቀዋለሁ?» አሉኝ። «መስመሩ ቢቀበለኝ ግን ፀሐዬ ተገኘ ቤት ይደርሳል። ያኔ ማሳዬ ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ እቆማለሁ። ምስሬንም እዘራለሁ። መሬቱ ገብስ ሰልችቶታል።»

በማግስቱ ወደ ራቤል ወርጄ የመብራቱን ቢሮ ጠየቅኩ። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ የምለውን መንገድ ላይ ደጋግሜ ብለማመድም ስደርስ ግማሹ ጠፋኝ። ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነበር። እህቴ ብሎ ወንበር ሰጠኝ፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ፣ እንዲህ ያለ ደንብ እስካሁን እንዳልወረደላቸው፣ ወደፊት ሊመጣ እንደሚችል ነገረኝ። አመስግኜ ስወጣ ለባልደረባው፣ «ግቤ ሦስት ሳያልቅ የትምወርቅ አንድ ተጀመረ» ሲል ሰማሁት። ባልደረባው ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ነገሩ የአክስቴ ባይሆን እኔም እስቅ ነበር።

ለአክስቴ ቀልዱን ትቼ የቀረውን ነገርኳቸው።

«ተከልክሏል ማለት ነው?» አሉ።

«አልተከለከለም። ደንብ አልወጣለትም።»

አክስቴ ሰፌዱን አራገፉ። «ማንም ጀምሮላቸው አያውቅማ» አሉ።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅኩት በጥር፣ ለአስተርእዮ ማርያም ፈቃድ ወስጄ ስመጣ ነው።

በታኅሣሥ አክስቴ ሙነወርን ገበያ ላይ አግኝተው፣ ሶላርን ከመስመር ጋር የሚያያይዝ ዕቃ ከአዲስ አበባ እንዲያመጣላቸው ለመኑት። ሙነወር ስለ ዕቃው ሰምቶ ያውቃል፤ ገጥሞ ግን አያውቅም ነበር። ቢሮው ተጠይቋል ወይ ብሎ አመነታ። አክስቴም፣ «የእህቴ ልጅ ጠይቃለች» አሉት፤ ውሸት አልነበረም። ሙነወር የመጽሐፍ ክዳን የምታህል ኢንቨርተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ሰቀላት፤ አንዱን ሽቦ ከሶላሩ፣ ሌላውን ከሶኬቱ አገናኘ። ባትሪው ከእንግዲህ ሥራ የለውም ተብሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ተሰጠ።

አክስቴ ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ አልደበቁም፤ የሚደበቅ ነገር አልመሰላቸውም። መስመሩ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ሰው ነው ብለው አስበዋል። ሰው ሳይጠሩት ማለዳ መጥቶ ካረሰ፣ የታረሰለት ታስሯል። እሳቸውም ሳይጠሩ ሄደው አረሱ። ከአሁን በኋላ ማፈር የመስመሩ ተራ ነው።

ሰፈሩም ወሬውን ወዶታል። ጋሼ ተገኘ በቀትር ሬዲዮ ሲከፍቱ አክስቴ በደጃፋቸው ካለፉ፣ «የትምወርቅ፣ ነይ እንጂ፤ ዛሬ ጋዜጠኛው ያንቺን ፀሐይ በልቶ ድምፁ አምሮበታል» ይሏቸዋል። ኮከቤ ደግሞ ደመና የሆነ ቀን፣ ምን አስቀየምንሽ ብላ ትልክባቸዋለች። አክስቴ እንዲህ ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ከጋሼ ገብረየሱስ ሞት ወዲህ አላየሁትም ነበር።

በበዓሉ ማግስት፣ ፀሐይዋ ከአናት ስትሆን፣ እጄን ይዘው ቆጣሪው ዘንድ ወሰዱኝ። ቤት ውስጥ የበራ አምፖል የለም፣ የተሰካም ነገር የለም። የቆጣሪዋ ቀይ መብራት ግን ጥቅስ ጥቅስ ትል ነበር።

«ይኸው» አሉኝ። «የሰጠሁትን ትቆጥራለች። ቀትር ላይ ትሮጣለች፤ ደመና ሲመጣ ይደክማታል። ልክ እንደ በሬ።»

ቁጥሩን አየሁት። እየጨመረ ነበር። ወደ ውስጥ ገብቼ ኢንቨርተሯን ከሶኬቱ ነቀልኳት፤ አክስቴ ደጅ ቆመው፣ «ቆመች» አሉኝ። መልሼ ሰካኋት። ጥቂት ቆይተው፣ «ጀመረች» አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ነበር።

ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ። እንዴት እንደምጀምር አላወቅኩም። እሳቸው ግን ፊቴን እያዩ ነበር።

«ወደ ኋላ አትሄድም?» አሉ።

«አትሄድም።»

«ወደ ፊት ብትሄድስ? መቁጠሯ ነው ዋናው።»

«አክስትዬ፣ ይቺ ቆጣሪ አቅጣጫ አትለይም። የሚያልፈውን ታያለች እንጂ ይግባ ይውጣ አታውቅም። ያለፈውን ሁሉ እንደ ገባ ነው የምትይዘው።»

አክስቴ እጃቸውን የቆርቆሮ ክዳኑ ላይ አሳረፉ። ቀትር ነው፤ ቆርቆሮው ይፋጃል። አላነሱትም።

«የሰጠሁትን እንደ ወሰድኩት ቆጠረችው» አሉ።

«አዎ።»

«ይኼን ሁሉ ቀን።»

ከታች ከጋሼ ተገኘ ቤት ሬዲዮው ይሰማል። አክስቴም የሰሙት መሰለኝ፤ ራሳቸውን ወደዚያ አዘነበሉ።

«ፀሐዩስ ደርሷል? ወይስ እሱም ውሸት ነው?»

«እሱ ደርሷል። ጋሼ ተገኘ ቤት ገብቷል፣ ኮከቤም ቤት ገብቷል።»

«እንግዲያው የጠፋ የለም» አሉ። ይህን ያሉት እኔን ለማጽናናት እንደሆነ አውቃለሁ።

የቀረውንም መናገር ነበረብኝ። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ሠራተኛ ምሰሶው ላይ ይወጣል፤ ሽቦው ሙት ነው ብሎ አምኖ። ጥሩ ኢንቨርተር መስመሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይቺኛዋ ግን ማን እንደ ሠራት አልታወቀም፤ እኔም ያን የምፈትሽበት መሣሪያ አልያዝኩም። ባትጠፋ የአክስቴ ፀሐይ ያን ሰው ሊገድል ይችላል። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ አክስቴ ወደ ውስጥ ገብተው ገመዱን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ጠቅልለው በመሶቡ ጀርባ አስቀመጡት። ከዚያ ሰፌዱን አንስተው ምስሩን መልቀም ጀመሩ፤ የተለቀመውን ምስር እንደገና።

እኔ እስክሄድ ድረስ አክስቴ ነገሩን አላነሱም። ቢሮው ዘንድ ሄጄ ላስረዳ፣ የተቆጠረውን ያስተካክሉት ይሆናል ስላቸው፣ «ተይው፤ አልጠሩኝ» አሉ።

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ እኔ ለመመለስ ዕቃዬን በማዘጋጅበት ማለዳ፣ ጋሼ ተገኘ መጡ። በሬዎቻቸውን ጠምደው፣ ጅራፉን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ማሳው ራስጌ ላይ ቆመዋል። ከአምናው ቀድመው ነው የመጡት። የኢንቨርተሯን ነገር ሰምተዋል፤ በሰፈሩ ያልሰማ አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ በሬዲዮው የቀለደ የለም።

አክስቴ ነጠላቸውን መስቀለኛ አድርገው ወጡ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

«ተገኘ፣ በምን እመልስልሃለሁ?» አሉ።

«ምን መመለስ አለው? አንቺ ደግሞ።» ጋሼ ተገኘ መሬት መሬት እያዩ ነበር የሚናገሩት። «የስንት ዘመን ጎረቤት ነን። ለገብረየሱስ ነፍስ ይሁን።»

ከልባቸው ነው ያሉት። ደግ ሰው ናቸው፤ ከዚያ የተሻለ የሚባል ነገርም አልነበረም። አክስቴ ግን ለነፍስ የሚለውን ሲሰሙ ዘወር ብለው ማሳውን አዩት። ከዚያ በሬዎቹ እንዲፈቱ ለመኗቸው። ቤት አስገብተው ጠላ ቀዱላቸው፣ ቂጣ ቆረሱላቸው፤ ለወንፈል እንደ መጣ ሰው አስተናገዷቸው። ጋሼ ተገኘ ሲበሉ አክስቴ ቆመው ነበር።

«ማሳውን ለእኩል ያዘው» አሏቸው።

ጋሼ ተገኘ እምቢ አሉ። ሁለተኛም እምቢ አሉ። ለእኩል ከመያዝ በነፃ ማረስ ይሻለኛል አሉ። አክስቴ እንዲያ ከሆነ ለሌላ እሰጠዋለሁ ሲሉ ነው ጋሼ ተገኘ ጽዋውን አስቀምጠው እሺ ያሉት። አክስቴ አመሰገኗቸው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከተንጠለጠሉት ክሮች ቀዩን ፈትተው ሰጧቸው፤ ጋሼ ተገኘ ምን እንደሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

በየካቲት ዝናቡ በጊዜው ጣለ። ጋሼ ተገኘ ማሳውን አርሰው ገብስ ዘሩበት።